ዘፈኑ የእሷ፣ ድምፁ የእሱ፦ «ፋስት ካር» በካንትሪ ሬዲዮ

እ.ኤ.አ. በ2023 ሰኔና ሐምሌ ላይ ካንትሪ የሚባለውን የገጠር ዘፈን የሚያጫውት የአሜሪካ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ከአንድ ዘፈን ማምለጥ አይችልም ነበር። ሉክ ኮምብስ የሚባል ድምፀ ጎርናና፣ ፂማም የሰሜን ካሮላይና ልጅ «ፋስት ካር»ን (ፈጣን መኪና ማለት ነው) ይዘፍናል። ዘፈኑ ግን የእሱ አይደለም። ግጥሙም ዜማውም የትሬሲ ቻፕማን ነው። ያወጣችውም በ1988 ነው፤ ኮምብስ ገና ሳይወለድ።

ነጠላ ዜማው ወጣ፣ ተወደደ፣ ሰንጠረዥ አናት ላይ ተቀመጠ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ይሄኛው ግን ሲወደድ ጭቅጭቅም ይዞ መጣ። ነጭ ወንድ በጥቁር ሴት ዘፈን ከበረ ያሉ አሉ። ዝም ብላችሁ ሙዚቃውን አዳምጡ ያሉም አሉ። እኔ ጉዳዩን የማየው ለሁለት ከፍዬ ነው። አንደኛው፣ ገንዘቡና ክብሩ ለማን ሄደ? ሁለተኛው፣ ይሄ ዘፈን እዚያ ሬዲዮ ላይ ለመሰማት ለምን የእሱ ድምፅ አስፈለገው? ብዙው ክርክር የተበላሸው ሁለቱን በመደባለቁ ይመስለኛል።

ከባለቤቷ እንጀምር። ትሬሲ የኦሃዮ ልጅ ናት፣ ክሊቭላንድ። በ1964 ተወለደች፤ ያሳደገቻት እናቷ ናት። በስኮላርሺፕ ኮነቲከት ወዳለ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ሄደች። ከዚያ ቦስተን አጠገብ ያለው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አንትሮፖሎጂ ተማረች። በትርፍ ጊዜዋ ሃርቫርድ አደባባይ ላይ ጊታር ይዛ ለመንገደኛ ትዘፍን ነበር። አብሯት የሚማር ልጅ አባቱ በሙዚቃ ሥራ ውስጥ ትልቅ ሰው ስለነበሩ አገናኛት። በዚህ መንገድ ኤሌክትራ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያ አልበሟን ሚያዝያ 1988 አወጣው።

«ፋስት ካር» የሚተርከው የአንዲት ወጣት ሴትን ኑሮ ነው። አባቷ ጠጪ ነው። እናቷ ጥላው ሄዳለች። ልጅቷ አባቷን ለመጦር ትምህርቷን አቋርጣ ሱቅ ትሠራለች። ፍቅረኛዋ ፈጣን መኪና አለው፤ አብረው ከዚያ ኑሮ ሊወጡ ያልማሉ። ይወጣሉም። ከዚያ ግን እሱም ከጓደኞቹ ጋር መጠጥ ቤት ያመሻል፣ ልጆቹንም ዞር ብሎ አያይም፣ ቤቱን የምትሸከመው እሷ ትሆናለች። መጨረሻ ላይ መኪናህን ይዘህ ሂድ ልትለው ትደርሳለች። መጠጥ፣ መኪና፣ ድህነት፣ ከትንሽ ቦታ ወጥቶ ሰው የመሆን ህልም። ይህን ታሪክ ያለ ሙዚቃ ብትነግሩት የካንትሪ ሙዚቃ መዲና የሆነችው የናሽቪል ከተማ ሰው ሁሉ «ይሄማ የእኛ ነው» ይላል። በ1988 ግን ዘፋኟ ፎክ በሚባለው፣ ከሕዝብ ዘፈን በተነሳው የጊታር ሙዚቃ መደብ ተመደበች። ካንትሪ ሬዲዮ አልነካትም።

ዘፈኑን ዓለም ያወቀው ደግሞ በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። ሰኔ 11 ቀን 1988 ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም፣ የኔልሰን ማንዴላ 70ኛ የልደት ኮንሰርት። ማንዴላ ገና እስር ቤት ናቸው። ትሬሲ ቀኑ ላይ የድርሻዋን ዘፍና ጨርሳለች። ምሽት ላይ ስቲቪ ዎንደር ሊወጣ ሲል የመሣሪያው ድምፆች የተቀመጡበት ዲስክ ጠፋ። ያለ እሱ አልጫወትም ብሎ ተመለሰ። አዘጋጆቹ ክፍተቱን በፍጥነት የሚሞላ ሰው ፈለጉ። አንድ ጊታርና አንድ ማይክ የሚበቃት ልጅ ትሬሲ ነበረች። ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች፣ «ፋስት ካር»ንም ዘፈነች። በብዙ አገር በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ የአሜሪካን የዘፈኖች ደረጃ በየሳምንቱ በሚያወጣው በቢልቦርድ መጽሔት ዋናው ሰንጠረዥ 6ኛ ድረስ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ሦስት የግራሚ ሽልማት ወሰደች።

የስቲቪ ዲስክ ባይጠፋስ ኖሮ? እኔ ይሄ ዘፈን መንገዱን ማግኘቱ አይቀርም ነበር ባይ ነኝ፤ ግን እንደዚያ ባለ ፍጥነት አይሆንም ነበር።

ኮምብስ በ1990 ተወለደ። ዘፈኑን ያወቀው በአባቱ ፒክአፕ መኪና ውስጥ፣ በካሴት ነው። ከ4 ዓመት ልጅነቱ ጀምሮ የሚወደው የመጀመሪያ ዘፈኑ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። ይሄ ለአልበም ማሻሻጫ የተፈጠረ ወሬ አይመስለኝም። ቀድሞም ትልቅ ስም ስለነበረው እንዲህ ያለ ወሬ አያስፈልገውም ነበር። በ2021 እና በ2022 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር፣ ሲኤምኤ የሚባለው፣ የዓመቱ ታላቅ አርቲስት ብሎ ሸልሞታል። ስታዲየም ይሞላል። ለሰው ዘፈን የሚጣደፍበት ምክንያት አልነበረውም።

በመጋቢት 2023 18 ዘፈኖች ያሉት አልበም አወጣ። «ፋስት ካር» ከነዚያ አንዱ ነው። ለሬዲዮ ታስቦ የተቀዳ አልነበረም። እዚህ ላይ የአሜሪካን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። እዚያ አልበም ወጣ ማለት ጣቢያዎች ከውስጡ የፈለጉትን እየመረጡ ያጫውታሉ ማለት አይደለም። ኩባንያው አንዱን መርጦ «ይህን አጫውቱ» ብሎ ለጣቢያዎች ይልካል፣ ሰው መድቦ ይጎተጉታል፣ ወራት ይፈጃል። በተለይ ካንትሪ ሬዲዮ ላይ አንድ ዘፈን ከታች ተነስቶ አናት ለመድረስ ዓመት ሊሞላው ይችላል። «ፋስት ካር»ን ግን አድማጩ ራሱ በኢንተርኔት እየመረጠ አስቸገረ። ኩባንያው አየና ወደ ሬዲዮ ላከው። ለካንትሪ ጣቢያዎች ብቻ ሳይሆን ለፖፕ ጣቢያዎችም።

አቀራረቡስ? እውነቱን ለመናገር ብዙም የተለወጠ ነገር የለም። ያቺ የታወቀችው የጊታር ዙር እንዳለች ናት። ከበሮውና የባንዱ ድምፅ ወፈር ብሏል፣ የድምፁ ቅላፄ የደቡብ ነው። አንዳንድ ሃያሲ «ምን ጨመረበት?» ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ያስኬዳል። እኔ ግን አንድ ነገር ልቤን ነካው። በግጥሙ ውስጥ ተራኪዋ ሱፐርማርኬት ውስጥ በሴት ገንዘብ ተቀባይነት እንደምትሠራ የምትናገርበት ስንኝ አለ። ወንድ ዘፋኝ ሲዘፍነው እንዲመቸው መለወጥ ቀላል ነበር፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ኮምብስ አልለወጠውም። ፂሙን አንዠርግጎ «ሴት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ» እያለ በየስታዲየሙ ዘፈነ፤ ያ ሁሉ ባለ ካውቦይ ባርኔጣ አብሮት ዘፈነ። ታሪኩ የእሷ እንደሆነ ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራል?

ውጤቱ ይህን ይመስላል። ዘፈኑ በቢልቦርድ ሁሉንም ዘውግ በሚያወዳድረው ሰንጠረዥ 2ኛ ደረሰ። ከትሬሲ የራሷ ቅጂ በአራት ደረጃ በለጠ ማለት ነው። በሐምሌ ወር ደግሞ በካንትሪ ሬዲዮ ሰንጠረዥ 1ኛ ወጣ። ነሐሴ 5 በወጣው ሰንጠረዥ ላይ ሦስቱም የላይኛ ቦታዎች በካንትሪ ዘፈኖች ተያዙ፤ ጄሰን አልዲን፣ ሞርጋን ዋለን፣ ኮምብስ። ይህ ከዚያ በፊት በሰንጠረዡ ታሪክ ታይቶ አያውቅም ነበር። የሚገርመው ከሦስቱ አንዱ በጥቁር ሴት የተጻፈ መሆኑ ነው።

ትሬሲም ሳታስበው ታሪክ ሠራች። ሰንጠረዡ በ1990 ከተጀመረ ወዲህ ግጥምና ዜማውን ብቻዋን ሠርታ በካንትሪ ሬዲዮ 1ኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ለቢልቦርድ በላከችው አጭር መልእክት በካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ ራሴን አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ክብር ተሰምቶኛል አለች። በኮምብስ ስኬት መደሰቷን፣ አዳዲስ አድማጮች ዘፈኑን ስላገኙትም ማመስገኗን ጨመረች። በቃ። ቃለ መጠይቅ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እኛ አገር የድሮ ዘፈን በአዲስ ድምፅ ሲወጣ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ባለቤቱን አስፈቅዷል ወይ?» የሚል ነው። በግጥምና ዜማ የተነሳ የተኮራረፈ፣ ፍርድ ቤት የተካሰሰም አለ። አሜሪካ ላይ መልሶ ለመዝፈን ማስፈቀድ ግዴታ አይደለም። አንድ ዘፈን ባለቤቱ ፈቅዶ አንዴ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ሌላው መልሶ ሊቀዳው ቢፈልግ ባለቤቱ አይከለክልም። ሕጉ ከ1909 ጀምሮ አለ። ሁለት ነገር ግን አለበት፦ ዋናውን ዜማና የዘፈኑን መሠረታዊ ባሕርይ አይለውጥም፣ ይከፍላል። በ2023 ለእያንዳንዱ የተሸጠ ሲዲ ወይም ዳውንሎድ ክፍያው 12 ሳንቲም ነበር። በኢንተርኔት ለሚደመጠው የራሱ ስሌት አለው።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሬዲዮው ነገር ነው። በአሜሪካ መደበኛ የኤፍኤምና የኤኤም ጣቢያ ዘፈን ሲያጫውት የሚከፍለው ለግጥምና ዜማ ባለቤት ነው። ለዘፋኙ ቤሳ ቤስቲን አይከፍልም። በሳተላይትና በኢንተርኔት ሬዲዮ ነገሩ ሌላ ነው፤ በመደበኛው ሬዲዮ ግን ሕጉ ይሄ ነው። ስለዚህ ኮምብስ በካንትሪ ሬዲዮ 1ኛ ሲወጣ፣ ጣቢያዎቹ ባጫወቱት ቁጥር ገንዘብ የሚገባው ለእሷ ነበር። እሱ የሚያገኘው ስም ነው፤ ስሙ ትኬት ይሸጥለታል። ቢልቦርድ በዚያው በጋ ባወጣው ግምት ትሬሲ ከኮምብስ ቅጂ 500,000 ዶላር ገደማ ሳታገኝ እንዳልቀረች ጽፏል። ዘፈኑ ገና እየወጣ በነበረበት ጊዜ ነው ይሄ።

ደግሞ ትሬሲ መብቷን ዝም ብላ የምታሳልፍ ሰው አይደለችም። ራፐሯ ኒኪ ሚናዥ የእሷን ሌላ ዘፈን በራሷ አዲስ ሥራ ውስጥ ልትጠቀምበት ጠይቃ ተከልክላ ነበር። ይሄ እንደ ኮምብስ መልሶ መዝፈን ስላልሆነ ፈቃድ የግድ ነው። የሚናዥ አዲሱ ዘፈን ሳይፈቀድ በ2018 ኒውዮርክ ሬዲዮ ላይ ተሰማ። ትሬሲ ከሰሰች። በ2020 ዳኛዋ ስቱዲዮ ውስጥ ሞክሮ ማየት ጥፋት አይደለም ብላ ወሰነች፤ የተሰራጨበት ጉዳይ ግን ለቀጣይ ችሎት ተላለፈ። በጥር 2021 ሚናዥ 450,000 ዶላር ከፍላ ነገሩ ተዘጋ። እንዲህ ያለች ሴት ተበዝብዛ ዝም አለች ብሎ ማዘን እኔን አይዋጥልኝም።

እሷ ደስ ብሎኛል ስትል ሌላው ስለ እሷ ተቆጣ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ ይሄ ነው። ገንዘቡም የባለቤትነቱም ክብር በአብዛኛው ለሚገባት ሄዷል።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን በዚህ አይዘጋም። በሐምሌ 2023 ዋሽንግተን ፖስት ስለ ዘፈኑ አቀባበል ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። ጥቁር የካንትሪ ሙዚቀኞችን የሚያሰባስበው ብላክ ኦፕሪ የተባለው ስብስብ መሥራች አስተያየት በውስጡ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ትሬሲ በራሷ ድምፅ ብትመጣ ይሄ ሬዲዮ ያስገባት ነበር ወይ? የሚል ነው። ጽሑፉ ሲወጣ ጉድ ፈላ። «ነጭ ሰው ዘፈን እንኳ እንዳይወድ ልትከለክሉት ነው?» የሚል ቁጣ ከአንድ ወገን ጎረፈ። ጽሑፉን ያላነበበ ሁሉ ስለ ጽሑፉ አወራ። ኮምብስን ሌባ ያለው ሰው ግን እዚያ ውስጥ አልነበረም። የተጠየቀው ስለ በሩ ነው፣ ስለ ገባው ሰው አይደለም።

በሩን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ካንትሪ ሲባል የነጭ ገበሬ ሙዚቃ አድርጎ የሚያስብ ብዙ ነው። ባንጆ የሚባለው መሣሪያ ግን ሥሩ ከምዕራብ አፍሪካ ነው፤ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው ይዘውት የመጡት። ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው የናሽቪል ታዋቂ የሬዲዮ መድረክ ከመጀመሪያዎቹ ኮከቦቹ አንዱ ዲፎርድ ቤይሊ የሚባል ጥቁር የሃርሞኒካ ተጫዋች ነበር። በ1941 አሰናበቱት። ጥቁሩ ዘፋኝ ቻርሊ ፕራይድ በ1971 የሲኤምኤን ትልቁን ሽልማት ወስዷል፤ እሱ ግን ወንድ ነው፣ ያውም ብቻውን ነበር። ሴቶቹን ስናይ ሊንዳ ማርቴል በ1969 በዚያ መድረክ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ብቸኛ ዘፋኝ ናት፤ ብዙም ሳትቆይ ከሥራው ወጣች። ሪሲ ፓልመር በ2007 ካንትሪ ሰንጠረዥ ውስጥ ስትገባ ለ20 ዓመት ገደማ የገባች ጥቁር ሴት አልነበረችም። ሚኪ ጋይተን ጥሩ ድምፅና ትልቅ ኩባንያ ኖሯት እንኳ የ2015 ነጠላ ዜማዋ ሬዲዮ ላይ 30ኛ አካባቢ ነው የቆመው። የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጄዳ ዋትሰን የሬዲዮ መዝገቦችን አገላብጣ ስትቆጥር የጥቁር ሴቶች ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ነው ያገኘችው።

እና ዘፈኑ በሩን አልፏል፤ የጻፈችው ሴት ድምፅ ግን በር ላይ ቀርቷል። ኮምብስ ምን ያድርግ? ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ግን ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑ ጥያቄውን አያጠፋውም።

ኅዳር 8 ቀን 2023 ሲኤምኤ ሽልማቱን ሰጠ። ኮምብስ በ«ፋስት ካር» የዓመቱን ነጠላ ዜማ ወሰደ። የዓመቱ ዘፈን የሚባለው ደግሞ ለጸሐፊው የሚሰጥ ነው፤ እሱን ትሬሲ ወሰደች። ሽልማቱ ከ1967 ጀምሮ ሲሰጥ አንድም ጥቁር ጸሐፊ ወስዶት አያውቅም ነበር። እሷ አልመጣችም። ከ35 ዓመት በኋላ ዘፈኔ እንደ አዲስ መታወሱ ክብር ነው የሚል አጭር ምስጋና ላከች። አንዳንዶች ኩርፊያ ነው አሉ። ሰው የማያውቃት ይመስል! ትሬሲ የኮንሰርት ጉብኝት ካቆመች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። የመጨረሻ አልበሟም የወጣው በ2008 ነው። ለማንም አትወጣም።

የካቲት 4 ቀን 2024 ግን ወጣች። ሎስ አንጀለስ፣ የግራሚ ምሽት። ካሜራው መጀመሪያ ያሳየው ፊት አልነበረም፤ ጊታር ላይ ያሉ ጣቶችን እንጂ። አዳራሹ ማን እንደሆነች ሲያውቅ ጮኸ። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ፈገግ ብላለች፣ ድምፁ ያው የ1988ቱ ነው። ኮምብስ ጎኗ ቆሞ የእሷ ተራ ሲሆን እንኳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቃሉን ይከተላል። ቴይለር ስዊፍት ቆማ ትዘፍናለች። ሲያልቅ ኮምብስ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። ታዋቂ ሰው ታዋቂን ሲያደንቅ ብዙ ጊዜ ማስመሰል አለበት። እዚህ ላይ አላየሁም።

ያን ሌሊት ለካንትሪ ብቸኛ ድምፅ የተሰጠውን ሽልማት ኮምብስ አላገኘም፤ ክሪስ ስቴፕልተን ወሰደው። ትዝ ያለውም የለም። ሰው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ሮጦ የገዛው የትሬሲን የድሮ ቅጂ ነበር። በዚያ ሳምንት ያ ቅጂ በቢልቦርድ ዋና ሰንጠረዥ 42ኛ ሆኖ ተመልሶ ገባ። በሚያዝያ 2025 ደግሞ የመጀመሪያ አልበሟ እሷ ራሷ ተከታትላው በሸክላ እንደገና ታተመ።

ስለ በሩ የተነሳው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ብዙ አልጠበቀም። ከግራሚው ልክ በሳምንቱ ቢዮንሴ «ቴክሳስ ሆልደም»ን አወጣች። ሬዲዮን፣ ሽያጭንና የኢንተርኔት አድማጭን በሚደምረው የካንትሪ ሰንጠረዥ 1ኛ ወጣች፤ እዚያ ላይ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ኦክላሆማ ውስጥ ያለች አንዲት አነስተኛ ጣቢያ ግን አድማጭ ሲጠይቃት መጀመሪያ «እኛ የካንትሪ ጣቢያ ነን» ብላ መለሰች፤ ወቀሳ ሲበዛባት አጫወተችው። ሬዲዮ ብቻ በሚቆጠርበት ሰንጠረዥ ላይ ዘፈኑ ከ33ኛ አላለፈም። በዚያው ዓመት ሻቡዚ የተባለ ወላጆቹ ናይጄሪያውያን የሆኑ የቨርጂኒያ ልጅ በዚሁ የሬዲዮ ሰንጠረዥ 1ኛ ወጥቷል። ስለዚህ በሩ ለጥቁር ድምፅ ጨርሶ ዝግ ነው ማለት አይቻልም። ሻቡዚ ወንድ ነው። የሲኤምኤ እጩዎች በመስከረም 2024 ሲነገሩ እሱ ተጠራ፤ «ቴክሳስ ሆልደም» ያለበት የቢዮንሴ አልበም በአንድም ዘርፍ አልተጠራም።